ጥርስና ጥርስ አይነካኩ፦ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምን ደረጃ በደረጃ ማስታገስ

ሕመሙ ሲጀምረኝ ጆሮዬን ነው ያመመኝ ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ይጠዘጥዘኛል። ጭንቅላቴን ዳርና ዳሩን ይወጥረኛል። የጆሮ ጠብታ ታዘዘልኝ። ጨረስኩት። ሌላ ተጨመረልኝ። ለውጥ የለም። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ የሄድኩባት የጥርስ ሐኪም ሁለት ጣቷን ከጆሮዬ ፊት ለፊት አሳርፋ "እስቲ አፍዎን ይክፈቱ" አለችኝ። ቀጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ጆሮውንና ጥርሱን ሲያስመረምር ለሚከርም ሰው ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ነገር ይበርዳል። ዋናው መድኃኒትም በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚለካው።

መገጣጠሚያው የቱ ነው?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ጉንጭ ፈንጠር አድርጋችሁ አሳርፉ። አሁን አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ክብ አጥንት ይሰማችኋል። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይህ ነው። በግራም በቀኝም አለ። ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ አጥንት ስለሆነ አንዱ ብቻውን መንቀሳቀስ አይችልም። አንዱ ሲያም ሌላው የሚደክመው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ይለያል። አፍ ሲከፈት አጥንቱ መጀመሪያ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል። ከዚያ ወደፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ትንሽ ትራስ የመሰለች ዲስክ አለች። እሷም አብራ ትንሸራተታለች። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ጉንጭ ላይ፣ ጆሮ ግንድ አካባቢና ከመንጋጋው በስተውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ "መንጋጋዬን አመመኝ" ሲባል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። በጣም የተለመደው የጡንቻ ሕመም ነው። ጡንቻዎቹ ከሥራ ብዛት ይዝላሉ፣ ይወጠራሉ። ሁለተኛው የዲስኳ ከቦታዋ መንሸራተት ነው። አፍ ሲከፈት ተመልሳ ቦታዋ ስትገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሦስተኛው የመገጣጠሚያው መጎዳት ወይም መቆጣት ነው፤ ያን ጊዜ ድምፁ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ይሆናል። አንድ ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስጨንቀውን ነገር ላንሳ። መንጋጋችሁ ቀጭ ይላል፣ ግን አያምም፣ አፋችሁም እንደልብ ይከፈታል? እንግዲያው ምንም ሕክምና አያስፈልጋችሁም። ብዙ ጤነኛ ሰው መንጋጋው ይጮኻል። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ሕክምና መጀመር ያልታመመውን ማሳመም ነው። በየሰዓቱ አፍ እየከፈቱ "አሁንም ይላል?" ብሎ መፈተሽም መገጣጠሚያውን ማስቆጣት ነው። ተዉት።

መጀመሪያ፦ ሌላ በሽታ አለመሆኑን አረጋግጡ

ከመታሸቱም ከስፖርቱም በፊት ይህን አንብቡ። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቤት ውስጥ አትሞክሩ።

የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ብሶ ስታርፉ ከተወ፣ የልብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ዕድሜያችሁ ከ50 በላይ ሆኖ አዲስ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ የጆሮ ግንዳችሁ አካባቢ ሲነካ ካመመ፣ ስታኝኩ መንጋጋችሁ ዝሎ ስታርፉ ከተሻለው፣ በተለይ ደግሞ ዓይናችሁ ብዥ ካለ፣ ይህ የደም ሥር ቁጣ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ካልታከመ የዓይን ብርሃን ይወስዳል። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

ትኩሳትና እብጠት ካለ፣ አፍ በየቀኑ እየጠበበ ከሄደ፣ መዋጥ ከከበደ፣ የጥርስ ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ እየሰፋ ሊሆን ይችላል። ፊት ላይ መደንዘዝ፣ የማይጠፋ እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከምት ወይም ከመውደቅ በኋላ ጥርስና ጥርስ አልገጥም ማለት፣ እነዚህም ምርመራ ይፈልጋሉ። እንደ ኤሌክትሪክ ጭርር ብሎ ለሰከንዶች የሚወጋ ሕመም ደግሞ ከመገጣጠሚያ ይልቅ የነርቭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። "መንጋጋ ቆልፍ" የምንለው ቴታነስ ሌላ በሽታ ነው። በቁስል በሚገባ ባክቴሪያ ይመጣል። መንጋጋ ብቻ ሳይሆን አንገትና ጀርባም ይደርቃል፣ ሰውነት ይንዘፈዘፋል። በቅርቡ ቁስል ኖሯችሁ መንጋጋችሁ መድረቅ ከጀመረ፣ በተለይ ክትባቱን በወቅቱ ካልወሰዳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ቀጥሎ፦ መንጋጋችሁን እወቁት

መስታወት ፊት ቁሙ። አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አገጫችሁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል? አብዛኛውን ጊዜ የሚጎተተው ወዳልተንቀሳቀሰው፣ ማለትም ወደታመመው ወገን ነው።

ከዚያ ጠቋሚ፣ መሃልና የቀለበት ጣታችሁን አንዱን ከአንዱ በላይ ደራርባችሁ ከላይኛውና ከታችኛው የፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ለማስገባት ሞክሩ። ሦስቱም ከገቡ መልካም ነው። የጤናማ አዋቂ አፍ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ሁለት ጣት ብቻ ከገባ ጠቧል ማለት ነው። በጉልበት አታስገቡ። ውጤቱን ጻፉት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታነጻጽራላችሁ።

አሁን ጥርሳችሁን ለአንድ አፍታ ነከስ አድርጉ። ጉንጫችሁ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻ በጣታችሁ አግኙት። ጥርሳችሁን ልቀቁና ቦታውን ጫን ጫን አድርጉት። "እሱ ነው የሚያመኝ!" ካላችሁ፣ ችግራችሁ በዋናነት ጡንቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ጡንቻ ዕረፍት ሲያገኝ ይመለሳል።

ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። መቼ ያማል? ጠዋት ስትነሡ ከሆነ ሌሊት ጥርስ እያፋጫችሁ ወይም እየነከሳችሁ ሊሆን ይችላል። ወደ ማታ ከሆነ ቀን ላይ የምታደርጉት ነገር አለ። እኔ ይህን ስጽፍ ነው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ጥርሴን እንደምገጥም የደረስኩበት። ስንት ዓመት እንደነበር እንጃ።

ዋናው ሥራ፦ ጥርስን ከጥርስ ማለያየት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ጥርሶቻችን መነካካት ያለባቸው ስናኝክና ስንውጥ ነው። ከቀኑ ውስጥ ይህ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው። በቀረው ሰዓት ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተለያይቶ መቀመጥ አለበት። ችግሩ እኛ "ጥርስህን ነክሰህ ቻለው" እየተባልን ነው ያደግነው። ሐሳብ ሲበዛ፣ ሥራ ሲጠነክር፣ መኪና ስንነዳ፣ ከባድ ዕቃ ስናነሳ ሳናውቀው እንነክሳለን። በኃይል መንከስም የግድ አይደለም። ቀለል አድርጎ ገጥሞ ለሰዓታት መቆየት ብቻውን ጡንቻውን ያዝለዋል። እጃችሁን ጨብጣችሁ ግማሽ ቀን ብትውሉ ምን ይሰማችኋል? መንጋጋም እንደዚያው ነው።

ትክክለኛውን አቀማመጥ እንዲህ ታገኙታላችሁ። "እምም" በሉ። ከንፈራችሁ ገጠመ፣ ጥርሳችሁ ግን አልተነካካም። አሁን "ና" በሉ። ምላሳችሁ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ላንቃው ሲጀምር የነካው ቦታ የምላሳችሁ ማረፊያ ነው። ሳትጫኑት እዚያው አሳርፉት። በአፍንጫ ተንፍሱ። ትከሻችሁን ጣሉት። በቃ ይኸው ነው።

መማሩ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀኑን ሙሉ ማስታወስ ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ማስታወሻ አብጁ። ኮምፒውተሩ ጫፍ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ መሪው ላይ ትንሽ ባለቀለም ወረቀት ለጥፉ። ባያችሁት ቁጥር "ጥርሴ ተነካክቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁም በየሰዓቱ ይንዘር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁልጊዜ ነክሳችሁ ትገኛላችሁ። ራሳችሁን አትውቀሱ፣ ልቀቁትና ቀጥሉ። እኔን ወደ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሸክሙን ቀንሱ

ሕመሙ ከበረታ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ ብሉ። ሾርባ፣ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ሩዝና አትክልት፣ ሙዝ የመሳሰለ። ማስቲካ ሙሉ በሙሉ ይቅር። በረዶ መቆርጠም፣ ጥፍር መብላት፣ እስክሪብቶ መንከስም እንደዚያው። ትልቅ ጉርሻ ወይም ወፍራም ሳንድዊች አፍን ከመጠን በላይ ያስከፍታልና ምግቡን በትንሽ በትንሹ ቆራርጡት። በሁለቱም ወገን አኝኩ። ነገር ግን ለስላሳውን ምግብ ለወራት አታርዝሙት፤ መንጋጋ ካልሠራ ይደክማል። ሕመሙ ሲቀንስ ቀስ በቀስ ወደ ወትሮው ተመለሱ።

ማዛጋት ሲመጣ ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ ለጥፉ፣ ወይም አገጫችሁን በእጃችሁ ደግፉ። ስልክ በትከሻና በጆሮ መካከል መያዝ፣ አገጭን በመዳፍ ደግፎ መቀመጥ ይቅር። የጥርስ ሕክምና ቀጠሮ ካላችሁ ችግራችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። በየመሃሉ አፍ የምትዘጉበት እረፍት ይሰጧችኋል።

ሙቀት፣ ቅዝቃዜና እንክብል

ለተወጠረ ጡንቻ ሙቀት ነው የሚሻለው። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁ። ቆዳ እንዳያቃጥል አረጋግጡና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጫችሁ ላይ ያዙ። ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ድንገት ለተቆጣ፣ ለተመታ ወይም ለሚያቃጥል መገጣጠሚያ ግን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ያዙ። በረዶ ቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

የሚዋጥ ማስታገሻ ለአጭር ጊዜ ይረዳል። አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። ከሳምንት በላይ በየቀኑ እየዋጣችሁ ከሆነ መቁጠሩን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ማሸትና ማንቀሳቀስ

ከሙቀቱ በኋላ ጡንቻው ሲላላ ይሻላል። ቅድም ያገኛችሁትን የጉንጭ ጡንቻ በሁለት ጣት፣ በትንሽ በትንሽ ክብ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እሹት። ጥርሳችሁ ተለያይቶ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ጆሮ ግንዳችሁ አካባቢ ውጡ። "ደስ የሚል ሕመም" ከሆነ ልክ ነው። የሚያስጮኽ ከሆነ ጠንክሮባችኋል።

ከዚያ እንቅስቃሴው። ምላሳችሁን "ና" የምትሉበት ቦታ ላይ አሳርፉ። ምላሱ ሳይለቅ አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ። ምላሱ ራሱ ልክ ስለሚያበጅ ከመጠን በላይ አትከፍቱም። 6 ጊዜ ደጋግሙት። በቀን 6 ጊዜ ተመለሱበት። መስታወት ፊት ብታደርጉት አገጩ ሲጎተት አይታችሁ ቀጥ ታደርጉታላችሁ። ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስም ጥሩ ነው። እንቅስቃሴው ሕመሙን አባብሶት ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልተወው፣ በሚቀጥለው ቀን በግማሽ ቀንሱት።

ሌሊቱ

ሌሊት ጥርስ ማፋጨትን በፈቃድ ማቆም አይቻልም። የሚያባብሰውን መቀነስ ግን ይቻላል። ከቀትር በኋላ ቡና መቀነስ፣ ማታ አልኮልና ሲጋራ መተው። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ማፋጨት ያስከትላሉ፤ እንዲህ ከጠረጠራችሁ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ቀን ድብት የሚለው ሰው ደግሞ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል። በሆድ አትተኙ፤ ፊት ትራስ ላይ ሲጫን መንጋጋው ሌሊቱን ሙሉ ተገፍቶ ያድራል።

በጥርስ ላይ የሚጠለቀው የሌሊት መከላከያስ? ጥርስ እንዳይሟሽሽ በእርግጥ ይከላከላል። ሕመም ማስታገሱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ካስፈለገ የጥርስ ሐኪም በልካችሁ የሚሠራው፣ ጥርሶቹን በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። የፊት ጥርስ ብቻ የሚሸፍነው ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የጥርስ አገጣጠምን ሊቀይር ይችላል።

መንጋጋ ድንገት ቢቆለፍ

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አፍ አልከፈት ሲል ነው። ብዙ ጊዜ ቀጭ ይል የነበረ መንጋጋ አንድ ቀን ድምፁ ጠፍቶ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ይላል። ዲስኳ መንገድ ላይ ቀርታለች ማለት ነው። አትደንግጡ፣ በጉልበትም አታላቅቁት። ሙቀት አድርጉ፣ መንጋጋችሁን አላልታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አንቀሳቅሱት። ካልተለቀቀ በቀናት ውስጥ ሐኪም ጋ ድረሱ፤ ባደረ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል።

ሌላው አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ሲል ነው። አጥንቱ ከጉድጓዱ ወጥቷል። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ሠልጥኖ የሚያውቅ ባለሙያ ወደ ታችና ወደ ኋላ ገፍቶ ይመልሰዋል። ዘመድ ወዳጅ እንዲሞክረው አትፍቀዱ። አጥንት ሊሰበር፣ የሞካሪውም ጣት ሊነከስ ይችላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ከላይ ያለውን ለአራት ሳምንት ያህል በትክክል ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሕመሙ መብላትና መተኛት ከነሣችሁ፣ ባለሙያ ይያችሁ። ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩ ሐኪም በመጀመሪያ ይጠይቃል፣ ይዳስሳል፣ አከፋፈታችሁን ይለካል። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አጥንቱን ለማየት ነው። ዲስኳን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ሁሉም ሰው ግን ይህ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ቢኤምጄ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጥቶ ነበር፤ ከ3 ወር በላይ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ማለት ነው። በጽኑ የደገፈው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴና የእጅ ሕክምና፣ አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ቦቶክስን (ጡንቻ የሚያላላ መርፌ)፣ መገጣጠሚያ በመርፌ ማጠብን፣ የሌሊት መከላከያንም ጭምር ከፊት አላሰለፋቸውም። የሥነ ልቦና ሕክምና ሲባል "ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው" ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ጭንቀት ጡንቻን ይወጥራል፣ ሕመም እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ያባብሳል። ያንን ዙር የሚሰብር ሕክምና ነው።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር። "ጥርስዎ አልገጠመም፣ እንሞርደው" ወይም "ለመንጋጋው ብለን ጥርሱን በሽቦ እናስተካክል" ከተባላችሁ ሁለተኛ ሐኪም ሳታማክሩ እሺ አትበሉ። ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 የመንጋጋና የጆሮ ሕመምን ከጥርስ አገጣጠም ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የብዙ ሰው ጤነኛ ጥርስ ተሞረደ። ዛሬ ይህ እንደ መደበኛ ሕክምና አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ከቴፍሎን የተሠራ ሰው ሠራሽ ዲስክ ለብዙ ሕሙማን ተተከለ። እየተሰባበረ አጥንት ስለበላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ጥቂቶች ናቸው። የተሞረደ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሊመለስ የሚችለው ሕክምና ይሞከር።

ሕመሙ ከተሻላችሁ በኋላም አልፎ አልፎ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ፈተና ሲደርስ፣ እንቅልፍ ሲጎድል፣ ጉንፋን ሲይዛችሁ። ያን ጊዜ ከባዶ አትጀምሩ። ፎጣውን አሙቁ፣ ለአንድ ሳምንት ወደ ለስላሳው ምግብ ተመለሱ፣ ወረቀቷን መስታወቱ ላይ መልሳችሁ ለጥፏት። እኔ የኔን ጨርሶ አላነሣኋትም።